ቀንስ በለው

ሠላሳ ሁለት ሰው፣ ባንድ ዓይነት ባርኔጣ፣
በሚያዝያ ፀሐይ ከመሥሪያ ቤት ለጉብኝት የወጣ፣
ለገሃር ተራገፍን። «አራት ሰዓት አላችሁ» አለ ሹፌሩ፣
«ብሉ፣ ጠጡ፣ ግዙ፤ በአሥራ አንድ እዚህ ጥላ ሥር፣ እንዳትቀሩ!»

እኔ ግን ባለፈው ነሐሴ በቴሌቪዥን ያየሁት፣
ጣሪያ ላይ የተሰቀለ አልጋ፣ እሱን ነው የፈለግሁት።
ፈልጌ ደግሞ አፈርኩ።
ሰው የሰው ጉዳት ሊያይ ካሜራ ይዞ ይሄዳል? እያልኩ፣
«አራት ሰዓት ነው ያለኝ» ብዬ ባጃጅ ያዝኩ።

ሹፌሩ ሮብሌ ይባላል። «በሶማልኛ ባለዝናቡ ማለት ነው» አለኝ፤
«እናቴ በዶፍ ወልዳኝ። ከጎርፉ ወዲህ ሰዉ ሁሉ ስምህን ቀይር አለኝ።
ምን ልባል፣ ዋርያ? ፀሐይ ብባል ደግሞ በግንቦት ማን ሊያስጠጋኝ!»

ወንዙን አሳየኝ አልኩት። ድልድዩ ላይ አቆመ።
ታች አሸዋ ብቻ። ልጆች ድንጋይ ጎል አድርገው ኳስ ይለጋሉ፤
አንድ ግመል እንደ ዳኛ ቆመ።
«ውኃውስ የታለ?»
«እሱ እንግዳ ነው» አለኝ፣ «እንዳንተው። ሳይነግረን ይመጣል፤
አራት ሰዓት ቆይቶ ይሄዳል።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።
«ያን ሌሊት እዚህ ጠብታ አልጣለም፤ ሙቀቱ ቢያስቸግረን
ኮከብ እያየን ደጅ አንጥፈን ነበር የተኛን።
የዘነበው ደንገጎ ላይ ነው። የሰው ዝናብ ነው የበላን።»

ግድግዳ አሳየኝ፤ ከራሴ በላይ ክንድ ከስንዝር ላይ
የጭቃው መስመር፣ ቀጥ ያለ፣ ባለሙያ ያሰመረው መሳይ።
ከሥሩ በከሰል፦ ሂቦ። ፈይሰል። ናርዶስ። ቢኒ።
ልጆቹ ቁመት ይለኩበታል፤ ማንም ገና አልደረሰበትም።
አንዱ ጭረት ግን በምስማር ነው፣ ከጎርፉ በፊት የተጫረ፤
ከሱ በላይ ሌላ አልተጨመረ።
አልጠየቅኩም። ሮብሌም ቁልፉን አዞረ።

ቀፊራ፣ ከቅስቶቹ ሥር፣ ወይዘሮ ረምላ ሽቲ ትሸጣለች፤
ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ ጠርዙ ላይ
ስንት ጊዜ ታጥቦ ያልለቀቀ፣ የፈሰሰ ሻይ መሳይ
እድፍ አለው።
«ስንት ነው?» «አራት መቶ።» አራት መቶ አውጥቼ ዘረጋሁ።
እጇን ሰበሰበች።

«አቦ፣ ምን ሆነሃል? ተከራከር እንጂ!
ሳይከራከር የሚከፍል ለቅሶ የመጣ ነው፤ እኔ ሱቅ ከፈትኩ እንጂ
ድንኳን አልተከልኩም።
ለቅሶውንማ ደረሳችሁን፤ ብርድ ልብስ ላካችሁ፣ ተባረኩ።
ዛሬ ገበያ ነው። ጨርቁን አጣጥልብኝ።
ሄድኩ በል፣ ጀርባህን አዙር፣ እኔም ልጥራህ። እንዲህ ነው ወጉ!»

«ሁለት መቶ» አልኩ፣ አቀርቅሬ።
«ቀና ብለህ!»
«ሁለት መቶ! ይሄ እድፍ ነው ወይስ ጥለት?»
ሳቀች። ጎረቤቶቿም። ባለሙሸበኩ ማንኪያውን ይዞ ሳቀ።
በሦስት መቶ ሃያ ተስማማን፤
ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለት ጊዜ ተጠርቼ።

በአሥራ አንድ ሰዓት ባርኔጣዎቹ ተቆጠሩ፤ ወጣን።
ደንገጎ ዳገቱ ላይ፣ ሦስተኛው ኩርባ ጋ፣ ጠብታ መስታወቱን መታ፤
አንድ። ሰባት። ከዚያ መቁጠር ተውኩ።
የመንገዱ ቦይ ቀይ ውኃ ይዞ በጎናችን ይወርዳል፤
እኛ በመጣንበት ይሄዳል።
ታች ድሬ መብራቷን ታበራለች፤ ሰማይዋ ጥርት ያለ።

ደወልኩ። «ሮብሌ! እዚህ ዘነበ።»
የባጃጁ ሞተር ጠፋ። ሲጣራ ሰማሁት፦
«ሂቦ! ኳሱን ትተው ይውጡ በያቸው!» አሸዋው ላይ የሚሮጥ እግር።
ከዚያ ወደኔ፦ «ምን ያህል ነው?»
«ብዙ» አልኩት። «እየጨመረ ነው።»
«እና ምን ያስቀምጥሃል፣ ዋርያ? ዛሬ አይደል የተማርከው?
ተከራከር እንጂ! ቀንስ በለው!»